በፕላስተር የተሸፈነው ቁጥር

ከጋሽ ቋጠሮ ጋር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አምስቱን ዓመት አልወዳቸውም ነበር። ይህን ስናገር አላፍርም፤ እሳቸውም ያውቁታል። አሁን ጡረታ ወጥተው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በዚያ ሳልፍ፣ "ሲስተር፣ ዛሬስ ወደድሽኝ?" እያሉ ያሾፉብኛል።

ቋጠሮ የወጣላቸው ስም ነው። የመድኃኒት ካርቶን የታሰረበትን ገመድ መጣል አይሆንላቸውም። ፈትተው፣ አቃንተው፣ ቋጥረው የአምቡላንሱ የፊት መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። የሾፌሮች መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተራረፈ ሳሙና ካገኙ በእርጥብ እጃቸው ጨፍልቀው አንድ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ሳሙናቸው ሁልጊዜ ሦስት ቀለም አለው። ጠዋት አንድ ዳቦ ለሁለት ይቆርሱና ግማሹን በወረቀት ይጠቀልላሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ያንኑ ግማሽ እንደገና ለሁለት ይቆርሱታል። ሰውየው ማታ ቤታቸው ሲገቡ ኪሳቸው ውስጥ ዳቦ ያልተገኘበት ቀን የለም ብላ ባለቤታቸው ራሷ ነግራኛለች።

እኔ ነርስ ነኝ። ሥራዬ አምቡላንሱ ውስጥ ከበሽተኛው ጎን መቀመጥ ነው፤ ስለዚህ የሾፌሩ ጠባይ በሙሉ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው። በአሮጌው የናፍጣ አምቡላንስ ዘመን ከአልጋው ሥር ነጭ ቀለም የተቀባ ጀሪካን ነበራቸው። ላዩ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት "የተጣራ ውሃ" ይላል። አንድ ዓመት ሙሉ አምኜው ኖርኩና አንድ ቀን እጄን ልታጠብ ብዬ ክዳኑን ከፈትኩት። ናፍጣ! እጄ ሁለት ቀን ሸተተ። "ምንድን ነው ይሄ ጋሼ?" ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸው ክዳኑን መልሰው እያጠበቁ፣ "የክፉ ቀን ነው፤ አንቺ አላየሽም፣ እኔም አላስቀመጥኩም" አሉኝ።

የኤሌክትሪኩ አምቡላንስ የመጣ ጊዜ ዳይሬክተሩ ሾፌሮቹን ሰብስቦ ማን ይረከባል ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ ኋላ አለ። መንገድ ላይ ቀጥ ቢልስ? ናፍጣ በጀሪካን ይመጣል፣ ኤሌክትሪክ በምን ይመጣል? ጋሽ ቋጠሮ ግን እጃቸውን አወጡ። የቀሩት ሾፌሮች በሳቅ ፈረሱ፤ "ቆሞ ሲጠብቅ ነዳጅ አይጠጣም ሲባል ሰምቶ ነው" ተባባሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በመጀመሪያው ጠዋት የማስነሻውን ቁልፍ ተጭነው ጆሮአቸውን አቁመው ጠበቁ። ድምፅ የለም። እንደገና ተጫኑት፤ ለካ አሁን አጥፍተውት ነው። እንደገና ተጫኑ። ዘበኛው ከበሩ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ልግፋዎት እንዴ?" አላቸው። "ምኑን ትገፋለህ፣ ተነስቷል እኮ!" አሉት፤ ልክ እንዳሉትም መኪናው ያለ አንዳች ኮሽታ ወደ ኋላ ሄደ። ዘበኛው በአንድ ዝላይ የአበባው መደብ ውስጥ ገባ።

መኪናውን ከሰውየው በፊት ወደድኩት። ምክንያቴ የሥራ ምክንያት ነው። በናፍጣው አምቡላንስ እየሄድን የበሽተኛ ደረት ማዳመጥ አይታሰብም ነበር፤ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ የምሰማው የሞተሩን ደረት ነው። "ጋሼ፣ አንዴ ያቁሙልኝ" እላለሁ፣ ዳር ይዘው ያቆማሉ፣ አዳምጣለሁ፣ እንቀጥላለን። በአዲሱ በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት አስም ያለባት ሴት ይዘን እየሄድን ማዳመጫውን ጀርባዋ ላይ አደረግሁና ሲር ሲር የሚለውን ትንፋሿን ጥርት አድርጌ ሰማሁት። እየሄድን! ሃያ ዓመት በሙያው ኖሬ እንዲህ የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም።

ጋሽ ቋጠሮ ደግሞ በሌላ በኩል ተደሰቱ። ቁልቁለት ላይ እግራቸውን ሲያነሱ መኪናው ራሱን እየያዘ ባትሪውን እንደሚሞላ ሲያውቁ፣ የጠፋ ወንድማቸውን ያገኙ ነው የመሰሉት። "ዳገቱ የበላውን ቁልቁለቱ ይተፋል" ይሉ ጀመር። በከተማው ዙሪያ ያለ ዳገት ሁሉ ስንት እንደሚበላና ስንት እንደሚመልስ በቃላቸው ይዘዋል። ችኩል ሾፌር ሲያዩ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብለው ያልፉታል። ብርድ በሚያንዘፈዝፍበት ቀን እንኳ ለራሳቸው ማሞቂያ አይከፍቱም፤ ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው፣ በአፋቸው እንፋሎት እየወጣ ይነዳሉ። "ማሞቂያ የበሽተኛ ነው" ይላሉ። ባዶ ስንመለስ እኔም አብሬያቸው እንቀጠቀጣለሁ፤ ጤነኛ መሆኔን የረገምኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ፕላስተሩ መጣ። አንድ ጠዋት ስገባ የቀረውን ቻርጅ የሚያሳየው የዳሽቦርዱ ጥግ ላይ ቁስል የምናሽግበት ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል።

"ምን ሆነ ጋሼ? ቆሰለ እንዴ?"

"መብራቱ ዓይኔን ይወጋኛል።"

"ታዲያ ስንት እንደቀረ በምን እናውቃለን?"

"እኔ አለሁ አይደል? ስትጠይቂኝ እነግርሻለሁ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የስምሪት ኃላፊው በሬዲዮ "ስንት አለህ?" ሲላቸው ፕላስተሩን በጥፍራቸው ትንሽ ገለጥ አድርገው ያዩና "ሠላሳ"፣ "አርባ" ብለው ይመልሳሉ። መልሳቸው ደግሞ ሁልጊዜ ከምንጠብቀው ያነሰ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለስብሰባ ወንበር አምጡልን ሲል ቻርጅ የለም። እንግዳ ከአውቶቡስ ተራ ተቀበሉ ሲባል ቻርጅ የለም። ቢለመኑ፣ ቢቆጧቸው፣ ወይ ፍንክች! ይህን እንኳ እስቅበት ነበር። አንድ ቀን ግን እግሩ የተሰበረ ሰው አለ ብለው ከድንጋይ መፍጫው ጠሩን፤ ጋሽ ቋጠሮ "አሥር ነው የቀረኝ፣ አይደርስም" አሉ። ሰውየው ሌላ መኪና እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል በስቃይ ቆየ። እግሩ ድኗል። እኔ ግን ያን ቀን ቂም ያዝኩ፤ ይህ ስስት አንድ ቀን ሰው ይገድላል ብዬ ለዳይሬክተሩ ልናገር ምንም አልቀረኝም ነበር።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ ልክ የለውም፣ መብራት በየቦታው ጠፍቷል። ከተራራው ማዶ ካለው ጤና ጣቢያ አዋላጇ ደወለች። አንዲት እናት ያለ ቀኗ ወልዳለች። ሕፃኗ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ናት፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ጤና ጣቢያው ያለችው አንዲት የኦክስጅን ሲሊንደር እያለቀች ነው፣ የኦክስጅን ማሽኑም ያለ መብራት ብረት ነው። እኛ ዘንድ ትርፍ ሲሊንደር አልነበረም፤ ሊሞላ ሄዶ አልተመለሰም። አምቡላንሱ ግን ሶኬት አለው፤ ማሽኑን ከራሱ ባትሪ ያሠራል። ያችን ሕፃን በሕይወት የሚያመጣት ይህ መኪና ብቻ ነው ማለት ነው።

ጋሽ ቋጠሮ ለስምሪቱ "ሰባ አምስት አለኝ" ብለው ወጣን። ስንደርስ ሲሊንደሩ የመጨረሻውን እያፏጨ ነበር። ሕፃኗን እናቷ ደረት ላይ፣ ቆዳዋን ከቆዳዋ አድርገን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ጫንናቸው። ማሽኑን ሰካሁ፣ ቱቦዋን አፍንጫዋ ላይ አደረግሁ፣ የኋላውን ማሞቂያ ከፈትኩ። ከንፈሯ ቀስ እያለ ቀላ። ከጤና ጣቢያው በር ላይ ሦስት ሰዎች ወደ ከተማ አድርሱን ብለው ተጠጉ፤ ጋሽ ቋጠሮ እንደ ልማዳቸው "ቻርጅ የለም" ብለው በሩን ዘጉባቸው።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ወንዙ ድልድዩን ውጦታል። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወጥቶ እጁን ያወናጭፋል፤ ማለፍ የለም። የቀረው በጋራው አናት የሚዞረው መንገድ ነው፤ እጥፍ ይርቃል፣ ግማሹ ደግሞ ዳገት ነው። ጋሽ ቋጠሮ መሪውን ጠመዘዙ።

ዳገቱ ሥር "ስንት ቀረን?" አልኳቸው።

"አሥራ አንድ።"

መኪናው ከቆመ ማሽኑ ይቆማል፣ ማሽኑ ከቆመ ሕፃኗ ትቆማለች። በእጅ የሚጨመቅ መተንፈሻ አለኝ፤ ግን በዚያ ብርድ፣ ሰው በሌለበት ጋራ ላይ፣ እስከ መቼ? ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ ከዚያ በቀር የሚሰማው የማሽኑ ትንፋሽና የጎማው ጭቃ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ጠየቅኋቸው። ሰባት። እናቲቱ የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ዓይኖቿን ከፊቴ ላይ አልነቀለችም።

"ሲስተር፣ ይደርሳል አይደል?" አለችኝ።

"ይደርሳል የኔ እናት" አልኳት። ውሸቴን ነበር።

ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቅ፣ "ሦስት" አሉ። ማሽኑን መንካት አይቻልም። ሊቀነስ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ማሞቂያው። እንዲህ ላለች ሕፃን ብርድ ማለት ሞት እንደሆነ እኔ ነኝ ለተማሪዎች የማስተምረው። ግን ትንፋሽ ይቀድማል ብዬ እጄን ከራሴ በላይ ወዳለው ማብሪያ ዘረጋሁ። ጋሽ ቋጠሮ በመስታወት እያዩኝ ነበር።

"አትንኪው!" አሉ። ጮኸው ሲናገሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

"ሦስት ነው የቀረው አሉኝ እኮ!"

"ማሞቂያውን አትንኪ አልኩ። ነይ ወደዚህ። ፕላስተሩን ላጪው።"

በመሃል ባለው ክፍተት አንገቴን አስግጌ፣ እጄን ዘርግቼ ላጥኩት። ሃያ ሦስት ይላል። ዓይኔን አሸት አድርጌ እንደገና አየሁ። ሃያ ሦስት።

"ሁልጊዜ ሃያ እቀንሳለሁ" አሉ፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። "ለስምሪቱም፣ ለአንቺም፣ ለሁሉም። ጀሪካኑን እዚህ የት ላስቀምጠው?"

ደስታና ንዴት አንድ ላይ ሲመጣ ሰው ምን እንደሚሆን ያን ዕለት አወቅሁ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑትን፣ አምስት ዓመት ሙሉ "እርስዎ" እያልኩ ያነጋገርኳቸውን ሰው ትከሻቸውን በጡጫ መትቼ፣ "አንተ ሽማግሌ! አንተ ቋጣሪ! ልትገድለኝ ነው እንዴ?" አልኳቸው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ሳቁ፤ ካፖርታቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"ገና ዛሬ ቤተሰብ ሆንን" አሉ።

ወደ ኋላ ተመልሼ እናቲቱን "ይደርሳል" አልኳት። አሁን ውሸት አልነበረም፤ እሷም ከፊቴ አነበበችው መሰለኝ ዓይኗን ለመጀመሪያ ጊዜ ከደነች። አናቱ ላይ ስንወጣ አሥራ ስምንት ነበር። ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ፤ ጋሽ ቋጠሮ እግራቸውን አንስተው፣ መኪናውን እንደ ሙሉ ውሃ ሳህን ይዘው አወረዱት። ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ሃያ አንድ ይላል። ዳገቱ የበላውን ቁልቁለቱ ተፋ።

በዚህ አላበቃም። ሆስፒታሉም መብራት የለውም፣ ጄኔሬተሩም አልነሳ ብሏል፤ ቴክኒሻኑ በጭቃ ተለውሶ ሆዱን ከፍቶ ይነካካዋል። ጋሽ ቋጠሮ ማንንም ሳይጠይቁ አምቡላንሱን በሣሩ ላይ ነድተው የሕፃናቱ ክፍል መስኮት ሥር አስጠጉት። ረጅሙን የኤሌክትሪክ ገመድ በመስኮቱ አሾልከን አስገባን፤ እንዳይጎተት ደግሞ መሳቢያቸው ውስጥ በነበረው የካርቶን ገመድ ከመስኮቱ ብረት ጋር አሰሩት። ያን ገመድ ስንት ጊዜ እንደሳቅሁበት አስቤ አንገቴን ደፋሁ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ያች ሕፃን የተነፈሰችው በተደበቀው ሃያ ነው።

ዝናቡ ጋብ ሲል የመኪናው ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከዳቧቸው ሩብ ሰጡኝ፤ ከሳቸው እጅ ይህ ትልቅ ግብዣ ነው። ለምን እንደሚዋሹ ጠየቅኋቸው። ገና ጀማሪ ሾፌር ሳሉ ምጥ የያዛትን ሴት ይዘው እየሮጡ፣ የነዳጁ መርፌ ሩብ እያሳየ ጋኑ ግን ባዶ ሆኖ ሞተሩ ቀጥ አለ። ሴትየዋ ተረፈች፣ ልጇ አልተረፈም።

"መርፌው ዋሽቶኝ ነበር" አሉ። "ከዚያ ወዲህ እኔ እቀድመዋለሁ። እውነቱንስ ብናገር? ወንበር ያስጭኑኛል። ሰው እንዳለ ካወቀ ይበላል፤ ልማዱ ነው።"

"እግሩ የተሰበረው ሰውዬስ ጋሼ? ያኔ ሠላሳ ነበርዎት ማለት ነው።"

ዳቦው እጃቸው ላይ ቀረ።

"ነበረኝ" አሉ በመጨረሻ። "እግር ይጠብቃል፣ ትንፋሽ አይጠብቅም ብዬ ነው። ኋላ ሄጄ ጠይቄዋለሁ፣ ይቅርታም ብያለሁ። ልክ ነበርኩ አልልሽም ሲስተር። ሁለቱንም የሚያደርስ ባትሪ ቢኖረኝ አልዋሽም ነበር።"

ወደድኳቸው። እዚያው፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ ያን የደረቀ ዳቦ እያኘክሁ ወደድኳቸው። ስስታቸው አንድም ቀን ለራሳቸው እንዳልነበረ ለማየት አምስት ዓመት ፈጀብኝ፤ ዓይኔ ምን ያህል ሰነፍ እንደሆነ አስቡት።

ዳይሬክተሩ ነገሩን ሲሰማ በመጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አመሰገነ፣ ቀጥሎ ደግሞ የዳይሬክተር ነገር፣ ደንብ አወጣ። "ከአምቡላንሱ ቻርጅ ሃያ በመቶው ለድንገተኛ አደጋ ብቻ ነው" የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ጋሽ ቋጠሮ አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ግድግዳ ላይ የወጣ ተበላ ማለት ነው" አሉ። ወር አልሞላውም፤ ወንበሩ ድንገተኛ አደጋ ሆኖ በዚያው ሃያ ተጫነ። በማግስቱ ፕላስተሩ ተመልሶ ተለጠፈ። አሁን ስንት እንደሚቀንሱ እኔንም አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጡረታቸው ሲደርስ ተተኪያቸው ቀድሞ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳ የነበረች ወጣት ሆነች። ስድስት ሳምንት ከጎናቸው አስቀምጠው አሠለጠኗት፤ እሷ "አባባ" ትላቸዋለች፣ እሳቸው "ልጄ"። በመጨረሻው ቀን የገመዱን መሳቢያና ግማሽ ጥቅል ፕላስተር አስረከቧት። ያች ሕፃን ደግሞ ዛሬ ትሮጣለች፤ እናቷ ለክትባት ስታመጣት አምቡላንሱን ካላየሁ ብላ ታስቸግራለች።

ባለፈው ዓመት በአንድ ቀዝቃዛ ጠዋት የጋሽ ቋጠሮ ባለቤት ደወለች። ደረቱን ያዘው አለች። እንዴት እንደደረስን አላውቅም። አልጋው ላይ ስናስተኛቸው ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ላብ አጥምቋቸዋል፤ ያንኑ ካፖርት ለብሰዋል። ኦክስጅኑን አድርጌላቸው ማዳመጫዬን ደረታቸው ላይ አኖርኩ። እየሄድን ነው፤ የልባቸውን መደናቀፍ አንድ በአንድ እሰማዋለሁ። ባለቤታቸው እግራቸውን ይዛለች። ፈራሁ። እኒህን ሰው ወድጄ ገና አልጠገብኩም ነበር።

ከፊት ሬዲዮው ጮኸ። ስምሪቱ "ስንት አለሽ?" ይላል። ልጅቷ ፕላስተሩን በጥፍሯ ገለጥ አድርጋ አየችና፣ ድምፅዋ ሳይለወጥ "ሃያ" አለች።

ጋሽ ቋጠሮ ዓይናቸውን ገለጡ። ጭምብሉን በሁለት ጣት ከፍ አድርገው ወደ እኔ ጠጋ እንድል ጠቀሱኝ።

"ስንት አለች?"

"ሃያ።"

በዚያ አመድ ፊታቸው ላይ ፈገግታ መጣ።

"ሃያ ካለች ሞልቷል" አሉ። "እንግዲያስ ማሞቂያውን ክፈቺልኝ ሲስተር፤ በርዶኛል።"

እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።